ጋሼ ሰብስቤ የሊዝበንን እራት ሲመርጡልን

በእያንዳንዱ የሐበሻ ቤተሰብ ውስጥ ሌላው ሰው ሁሉ የት እንደሚበላ የሚወስን አንድ ሰው አለ። ማንም አልሾመውም፤ የሚሽረውም የለም። የቀረነው የተፈጠርነው እሱ እስኪወስን ድረስ እንድንራብ ነው።

የእኛው ሊቀ ሜኑ ጋሼ ሰብስቤ ይባላሉ፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከከተማችን አንዱ ጫፍ ሬክስዴል ይኖራሉ፣ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳሉ፣ ሌላው ጫፍ ስካርቦሮ እኔ ቤት እየመጡ ሠላሳ ዓመት በልተዋል። ታላቅ ስለሆኑ ፊት ለፊት አልቆጣቸውም። እዚህ ግን እቆጣለሁ።

ልጄ ጸዮን ሙኽታርን ልታገባ ሆነ። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም እንዳይቀየም ልጆቹ ሠርጉን ፖርቱጋል ወሰዱት፤ ሊዝበን፣ ቅዳሜ ቀን። የሙኽታር እናት ወይዘሮ መስቱራ ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ብለው ከርመው «እሺ፣ እመጣለሁ» ያሉት በግማሽ አፍ ነው። አርብ ማታ እሳቸውና እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ገበታ ላይ እንቀመጣለን። ያቺ እራት ከተበላሸች ቅዳሜ ሠርግ ሳይሆን ለቅሶ ነው። ጋሼ ሰብስቤ «ምግቡን ለእኔ ተዉት» አሉ።

ተውንላቸው። አሳራችንን በላን።

የዋትሳፕ ግሩፕ ከፈቱ። በየሳምንቱ ሬስቶራንት ፖስት ያደርጋሉ፣ ድምፅ ስጡ ይላሉ፣ እንሰጣለን፣ ከዚያ «እናንተ አታውቁም» ብለው ውጤቱን ይሰርዛሉ። ሪቪው ሲያነቡ የሚያምኑት ባለ አንድ ኮከቡን ብቻ ነው፤ «ባለ አምስቱን የጻፉት ዘመዶቻቸው ናቸው።» ከፖርቱጋል የመጣ ተሳፋሪ ታክሲያቸው ውስጥ ከገባ ዳውንታውን እስኪደርስ በምርመራ ላይ ነው። ጥር ላይ፣ በዚያ በረዶ፣ ዳንዳስ መንገድ ያሉትን የፖርቱጋል ሬስቶራንቶች «ለልምምድ» አዞሩን። በሦስቱ በር ላይ ሜኑ እያነበቡ «ቆይ፣ አትቸኩሉ» ብለው መለሱን። አራተኛው ዝግ ነበር። መኪና ውስጥ ቺፕስ በላን።

ግንቦት ላይ ኮል አደረጉልኝ።

«መሰረት፣ ጨረስኩት! ዓሣ!»

«ዓሣ?»

«ሥጋ ቢሆን ማን አረደው ይባላል። ዓሣን ማንም አያርደውም! ለአርብ ጾምም ይሆናል።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ በጾም ዓሣ አልበላም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ከመቼ ጀምሮ! ሠላሳ ዓመት አርብ አርብ ምን ሳቀርብላቸው ኖሬ ነው? ሽሮ! «አንድ ቀን ነው፣ ትችይዋለሽ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ለካ ቡክ አድርገው ጨርሰዋል።

አርብ ደረሰ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ሊዝበን፣ ወንዙ ዳር ጋሼ የያዙት ሬስቶራንት ውስጥ ሃያ ሁለት ሰው ተደርድረናል። ዓሣው ከነጭንቅላቱ መጣ። አልነካሁትም። ቀና ስል ወይዘሮ መስቱራ ከፊት ለፊቴ ሆነው ባዶ ሳህኔን ያያሉ። ፊታቸው ጠቆረ፤ «ከእኛ ጋር መብላት ተጸየፈች» ማለታቸው ነው። ላስረዳ አፌን ስከፍት የእሳቸውም ሳህን ባዶ መሆኑን አየሁ። የእኔም ፊት ጠቆረ።

ጸዮን ልታለቅስ ደርሳለች። «እማዬ፣ ፕሊስ፣ ትንሽ ብቻ ቅመሺ።»

«እሳቸው ይቅመሱ!» አልኩ፤ ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ።

«ወይን አለበት» አሉ ወይዘሮ መስቱራ ቀዝቀዝ ብለው። «ሽታው እኮ እዚህ ድረስ ይመጣል። የጠየቀልን ሰው የለም።»

መቶ ሬስቶራንት ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ወንበሩ ትራስ ሳይቀር የመረመሩት ክቡርነታቸው ስለ ወይኑ አልጠየቁም! የማውቀውን ስድብ ሁሉ ደርድሬ ዞር ስል ጋሼ ሰብስቤ የሉም። ሸሹ፣ አልኩ በሆዴ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከወጥ ቤቱ በር ብቅ አሉ። የሱፍ ኮታቸው እጅጌ እስከ ክርናቸው ርሷል። በሁለት እጃቸው አንድ ትልቅ ሳህን ይዘዋል፤ ቅቅል ድንች፣ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት በዘይት። በእኔና በወይዘሮ መስቱራ መካከል አስቀመጡት።

«ድስቱን ራሴ ነኝ ያጠብኩት። ሦስት ጊዜ። ወይን አልነካውም፣ ቅቤ አልነካውም፣ ዓሣም አልነካውም።» «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳህን ግን ያጠብኩት አንድ ብቻ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ወይዘሮ መስቱራ «ቢስሚላህ» ብለው አንድ ድንች አነሡ። እኔም አማትቤ ከዚያው ከጎኑ አነሣሁ። መሐሉ ጥሬ ነበር። ሁለታችንም ዋጥነው።

«እኚህ ሰውዬ ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» አሉኝ ጎንበስ ብለው።

«ይብሳሉ። ሠላሳ ዓመት ብቻዬን ቻልኳቸው፤ ከእንግዲህ እርስዎም አሉበት።»

ሳቁ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ከዚያ ምንም ሳይቀምሱ ጥግ ቆመው እጅጌያቸውን የሚጨምቁትን ጋሼን ሲያዩ አንጀታቸው ራራ መሰለኝ።

«ጋሼ ሰብስቤ፣ የነገውን ቁርስስ የት ነው የምንበላው?»

በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ረገጥኩ፤ ልክ እህቴን እንደምረግጥ። ግን ዘግይቼ ነበር። የጋሼ ፊት በርቷል። እኔም፣ ፈጣሪ ይየኝ፣ ወንበር ስቤ መሃላችን አስቀመጥኳቸው።