ኮምፒውተሩ በማን አቆጣጠር ሞተ?

ሰው በሁለት ይከፈላል። አዲስ ነገር መጣ ሲባል ሮጦ የሚቀበል አለ፤ የሮጠው ሰው ተሰናክሎ ይወድቅ እንደሆነ ቁጭ ብሎ የሚያይም አለ። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ አላፍርበትም። «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» ያሉት አበው ኮምፒውተር አያውቁም፤ ስለ ኮምፒውተር ግን ከእነሱ የተሻለ የተናገረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተም ሳይደርስባችሁ አይቀርም። አንገታችሁን ደፍታችሁ ሥራ ላይ ሳላችሁ ከስክሪኑ ጥግ አንዲት መልእክት ብቅ ትላለች። «አዲሱን ልጫን? አሁን ወይስ በኋላ?» ትላችኋለች። «በኋላ» ትሏታላችሁ። ነገም ትመጣለች። ልጃችሁን ለልጃችን ብሎ እንደመጣ ሽማግሌ ደጋግማችሁ ብትመልሷትም አትቀየምም።

ማንም ሳይጠይቀኝ በዚህ ጉዳይ አስተያየት የምሰጠው በወርቁ ምክንያት ነው። ወርቁ ከብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለው። ሰፈሩ ጋሽ ወርቁ ይለዋል፤ እኔ እኩያው ስለሆንኩ ጋሼውን አስቀርቼለታለሁ። ከላፍቶ ተነስቼ፣ የታክሲ ወረፋ ታግሼ እሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ካልተቀመጥኩ ቀኑ የዋለ አይመስለኝም። ጡረታ ማለት ይኸው ነው።

ወርቁ በወጣትነቱ በጽሕፈት መኪና የሠለጠነ ሰው ነው። የጽሕፈት መኪና ዘመን ሲያልፍ ኮምፒውተር ገዛ፤ ግን ፊደሎቹን ልክ እንደ ጽሕፈት መኪናው የሚደረድር አንድ ጥንታዊ የአማርኛ ፕሮግራም ጫነበት። ስለዚህ ዘመን መለወጡን ጣቶቹ አልሰሙም። ከሰው ጋር እየተጨዋወተ ይጽፋል፤ ዓይኑን ጨፍኖም ይጽፋል። ከማመልከቻና ከውል ይልቅ ስሙ የሚነሳው በሕይወት ታሪክ ነው፤ ቀብር ላይ የሚነበበውን ማለቴ ነው። በዚያ አካባቢ የሞተ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በወርቁ ጣቶች አልፎ ነው የተቀበረው። ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ሁሉን በእኩል ዓይን የሚያይ ተብሎ። በብስራተ ገብርኤል ሰፈር ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። ደንበኞቹ «ጋሽ ወርቁ፣ የእርስዎንስ ማን ይጽፍልዎታል?» እያሉ ይቀልዱበታል። «ሥራ በዝቶብኝ ለመሞት ጊዜ የለኝም» ይላቸዋል።

የወርቁ ኮምፒውተር አንድ አመል አለው። ቀን የሚቆጥረው በእኛ ነው። መስከረም በጠባ ቁጥር ወርቁ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን በእጁ ያስተካክልለታል፤ መስከረምን አንደኛ ወር፣ ጥቅምትን ሁለተኛ ወር እያለ። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር አጭር ስለሆነች ኮምፒውተሩ ጥቅምት ሳያልቅ ዘሎ ኅዳር ይገባል። ወርቁም ጆሮውን ይዞ ይመልሰዋል። ጳጉሜንን ግን ሊያስረዳው አልቻለም። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር ሲነግሩት ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል። ስለዚህ ጳጉሜን ስትገባ ወርቁ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ፣ ሱቁን ዘግቶ ጠበል ይጠመቃል። የቸኮለ ደንበኛ ቢደውልለት «ጳጉሜን አትቆጠርም» ይለዋል። ደመወዝ የለባት፣ የቤት ኪራይ የለባት፤ እውነቱን ነው።

በዚህ አቆጣጠር የተነሳ የሱቁ ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ አይከፍትም። ዓመታት ወደ ኋላ ከቀረ ኮምፒውተር ጋር መነጋገር ደስ አይለውም መሰለኝ። ወርቁ ግን «ኔትወርክ የለም» ይላል፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ይህን ማብራሪያ የሚጠራጠር ሰው የለም። መሥሪያ ቤት የምትሠራው ልጁ ቤተልሔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ቀኑን ወደ ፈረንጅ ትለውጠዋለች፤ ኢንተርኔቱም ይከፍታል። ሰኞ ጠዋት ወርቁ ወደ እኛ ይመልሰዋል።

ያቺ መልእክት የመጣችው መስቀል ሰሞን፣ ከእነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ ነው። ቤተልሔም ምሳ ልትበላ ወጥታ ነበር። ወርቁ «እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ብሎ ጠራኝ። ኮምፒውተሩ የሚሠራበት አሥር ቁጥር ሥርዓት ድጋፍ የሚያገኘው እስከ 2025 ድረስ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ወደ አሥራ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት እንደሚያስፈልግ ትናገራለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። መነጽሬን አደረግኩ። አነበብኩ። ቀነስኩ።

«ዘንድሮ 2018 አይደል?» አልኩት።

«አዎ።»

«እንግዲያው ገና ሰባት ዓመት አለን።»

ወርቁ በእፎይታ ተነፈሰና ሻይ አዘዘልኝ። እኔም ሻዬን የጠጣሁት ሥራውን እንደጨረሰ ባለሙያ ተዝናንቼ ነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቤተልሔም ድንገት ነገሩን አነሳች። ኮምፒውተሩ ጥቅምት ላይ እንዳበቃለት ነገረችን። ወርቁ ረጋ ብሎ «የለም፣ ሰባት ዓመት ይቀረዋል፤ ጋሼ አስልቶታል» ብሎ ወደ እኔ አመለከታት።

«በነሱ እኮ ነው አባዬ» አለችው።

ወርቁ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። አንባቢዬ እንዲረዳልኝ የምፈልገው ግን ስሌቱ ትክክል እንደነበር ነው። ከ2025 ላይ 2018 ሲቀነስ ያኔም ሰባት ነው፣ ዛሬም ሰባት ነው። የተሳሳተው ዓመተ ምሕረቱ ነው። ይልቅ የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ስንቱን ሟች ሰው አክባሪ እያለ የጻፈው ኮምፒውተር ራሱ ሟች ነበር። የእሱን የሕይወት ታሪክ ግን ያነበበለት የለም።

ቤተልሔም ከዚህ በኋላ ጠባቂ እንደሌለው፣ ደንበኞች በየፍላሻቸው ይዘውት የሚመጡት ቫይረስ እንደልቡ እንደሚገባ አስረዳችን። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለቷ ነው። ማሽኑ ደግሞ ከማርጀቱ የተነሳ አዲሱን ሥርዓት አይሸከምም። ስለዚህ አዲስ ላፕቶፕ ገዝታለች።

«የጽሕፈት ፕሮግራሜስ?» አላት ወርቁ።

«እሱ በአዲሱ አይሠራም አባዬ። በሌላ ትጽፋለህ፤ ትለምደዋለህ።»

ወርቁ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አያቸው። እሱ ጋ ጥያቄው አሥር ወይስ አሥራ አንድ አልነበረም። ሙያዬ ነው የሚለው እነዚያን ጣቶች ነው፤ እነሱ ሥራ ከፈቱ ሱቁ የፎቶ ኮፒ ቤት፣ እሱም ቁልፍ ተጫኝ ሊሆን ነው። ይህንን ማንም አልተናገረውም፤ ሦስታችንም ግን አውቀነዋል።

ሰኞ ስደርስ አሮጌው ኮምፒውተር ካርቶን ውስጥ ገብቶ ጥግ ተቀምጧል። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቤተልሔም አባቷን ልታለማምድ ከሥራ ፈቃድ ወስዳለች። ወዲያው ጥቁር የለበሰች ሴት ገባች፤ ወይዘሮ ዘነበች ነች። አባቷ አቶ ተካ ማታ አርፈዋል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ወርቁ ነፍስ ይማር ብሎ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነና «ከአባታቸው» ብሎ መታ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን በየትኛውም ቋንቋ የሌለ ቃል ነበር። አጥፍቶ ደገመው። ሌላ ዓይነት የሌለ ቃል ወጣ። ሦስተኛውን ዓይኑን ገልጦ፣ በአንድ ጣት ፊደል እየፈለገ መታው፤ አንጀቴን በላው። በሌላ ቀን ቢሆን እቀልድበት ነበር። ተነሳና ወደ ካርቶኑ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎ ገመዶቹን ይፈታ ጀመር።

ዘነበች ይህን ሁሉ ልብ አላለችም። የራሷ ጭንቀት ነበራት።

«ጋሽ ወርቁ፣ አደራዎን» አለች፤ «ሰው አክባሪ የሚለውን እንዳይጽፉብኝ። አባቴን ሰፈሩ ያውቃቸዋል። ሰው ይስቅብናል።»

እውነቷን ነው። አቶ ተካ ከጎረቤት በአጥር፣ ከዕድሩ በድንኳን ተጣልተው የኖሩ ሰው ናቸው። እኔንም አንዴ በታክሲ ወረፋ ላይ አኩርፈውኛል። ወርቁ ከካርቶኑ ቀና አላለም። ገመድ እንደያዘ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ቀስ ብሎ፣

«ያመኑበትን ፊት ለፊት የሚናገሩ፣ በወሰናቸው የማይደራደሩ፣ ቤታቸውንና ልጆቻቸውን አጥብቀው የጠበቁ አባት ነበሩ» አለ።

 ዘነበች ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «እሳቸው ናቸው» አለች፤ «ልክ እሳቸው ናቸው።»

የላፕቶፑ ቁልፎች ሲንኳኩ ሰማን። ቤተልሔም ተቀምጣ እየጻፈች ነበር።

«ድገምልኝ አባዬ። አጥብቀው ምን?»

ወርቁ ገመዱን ለቀቀ። ቀና አለ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ እየተንጎራደደ ይላት ጀመር፤ ከልደት ጀምሮ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እስከሚለው ድረስ። አንዲት ፊደል አልነካም። ያን ያህል ዓመት አብሬው ስቀመጥ እንደዚያ ቀን ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። እሱም የዚያኑ ቀን ያወቀው ይመስለኛል፤ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ቀብሩ ላይ ነበርኩ። «በወሰናቸው የማይደራደሩ» ተብሎ ሲነበብ በአጥር የተጣሏቸው ጎረቤት አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያም አለቀሱ። የሳቀ የለም።

እንግዲህ ላሻሽል ወይስ ላቆይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አሻሽሉ። ይህን ስል ወገኔን የከዳሁ እንዳይመስላችሁ፤ የሮጠው ሰው እንዳልወደቀ አይቼ ነው። አሮጌውን ግን አትጣሉት።

ወርቁም አልጣለውም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ስመጣ ቤተልሔም እንደ ድሮዋ መጥታ ላፕቶፑ ላይ ተቀምጣለች፤ ሌላ ቀን የምትጽፍለት አንዲት ልጅ ቀጥሯል፤ እሱ ይላል፣ እነሱ ይመታሉ። አሮጌው ከኋላ፣ ከመደርደሪያው ሥር ቆሟል። ኢንተርኔት አልተገናኘም፤ የማንም ፍላሽ አይሰካበትም። ቀኑ በእኛ ነው። ወርቁ ሥራ ሲቀዘቅዝ እዚያ ይቀመጥና በነዚያ ጣቶቹ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ነገር ይጽፋል።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«የራሴን» አለኝ። «ዕድሜው ለትምህርት ሲደርስ የሚለው ላይ ነኝ። ሰው አክባሪ የሚለውን ልጻፈው አልጻፈው ገና አልወሰንኩም።»

 ከፋኝ፤ ነገሩን ወደ ቀልድ ልመልሰው ብዬ፣ «ምን አስቸኮለህ?» አልኩት።

«ማን ቸኮለ? በዚህ ማሽን አቆጣጠር ገና ሰባት ዓመት አለን፤ ራስህ ነህ ያሰላኸው።»

«ሲያልቅስ?»

ወርቁ ዓይኑን አልገለጠም፤ ጣቶቹም አላቆሙም።

«ሲያልቅማ» አለኝ፣ «ጳጉሜን አለች።»