ያሁኑ ትውልድ ቻል ያድርግ

(ገበያው ጥግ፣ የሰፈሩ አስተዳደር ካሠራው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ፊት ለፊት። በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። የሰፈሩ ሊቀመንበርና የሚስቱ ወንድም የሆነው ዘበኛ ይጨቃጨቃሉ።)

ሊቀመንበሩ፦ ሰንሰለቱን ሁለቴ አዙረው አላልኩህም?

ዘበኛው፦ ጋሼ፣ ጓጉንቸሩ ብቻውን ለእስር ቤት ይበቃል እኮ። ሰንሰለቱ ለምንድነው?

ሊቀመንበሩ፦ ለዘላቂነት። ዛሬ ከላይ ገምጋሚ ኮሚቴ ይመጣል። አምና የመረቅነው ቤት ዘንድሮም እንደ ሙሽራ ሲያብረቀርቅ ካዩ፣ እኔን ወደ ማዘጋጃ ቤት ነው የሚያሳድጉኝ።

ዘበኛው፦ ሰው ሳይገባበት?

ሊቀመንበሩ፦ ስላልገባበት ነዋ። ልማትን የሚያበላሸው ማን መሰለህ? ተጠቃሚው ነው።

ዘበኛው፦ እኔ ደግሞ ሽንት ቤት ሽንቱ ለመጣበት ሰው የሚሠራ ይመስለኝ ነበር።

ሊቀመንበሩ፦ ሥልጠና ስላልወሰድክ ነው። ዘላቂ ልማት ማለት ለሚመጣው ትውልድ ማሰብ ነው።

ዘበኛው፦ ያሁኑስ?

ሊቀመንበሩ፦ ያሁኑ ትውልድ ቻል ያድርግ።

ዘበኛው፦ ባለፈው ቲማቲም ሻጯ ነፍሰ ጡር ለመነችኝ። «የሆድሽ ልጅ ሲመጣ ይከፈትለታል፣ አንቺ ቻል አድርጊ» አልኳት።

ሊቀመንበሩ፦ ጎበዝ። እህትህን ባላገባ ኖሮ ይህን እውቀት ከየት ታገኘው ነበር?

(በድንገት ሆዱን ይይዛል።)

ዘበኛው፦ ምነው ጋሼ?

ሊቀመንበሩ፦ የትናንቱ ስብሰባ ምሳ ነው። ስለ ምግብ ንጽሕና የተወያየንበት። ክፈት።

ዘበኛው፦ «እኔ ራሴ ብለምንህ እንዳትከፍት» ብለውኝ የለ?

ሊቀመንበሩ፦ አሁን እያዘዝኩህ ነው።

ዘበኛው፦ ቁልፉ እርስዎ ቢሮ ነው። ጸሐፊዋ ደግሞ ቢሮውን ዘግታ ሥልጠና ሄዳለች። ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት።

ሊቀመንበሩ፦ (እግሩን አጠላልፎ) የእህትህን ባል ልትገድለው ነው።

ዘበኛው፦ እሺ፣ እንዳይቆጡኝ ብቻ። በጓሮ ይዙሩ።

ሊቀመንበሩ፦ ጓሮ ምን አለ?

ዘበኛው፦ ሌላ በር። እርስዎ ሪባን በቆረጡ ማግስት ሰፈርተኛው ግድግዳውን ሰብሮ አበጀው። ቲማቲም ሻጯንም የላክኋት ወደዚያው ነው። ተራ ገብተው ስለሚያጥቡት ነው የሚያብረቀርቀው።

ሊቀመንበሩ፦ ታዲያ አንተ ዓመቱን ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር?

ዘበኛው፦ ጠብቅ ያሉኝን በር። በዚህ በኩል አንድም ሰው አልገባም።

(ሊቀመንበሩ ወደ ጓሮ ይሮጣል። ወዲያው ወገቡን አጥፎ ይመለሳል።)

ሊቀመንበሩ፦ ሰልፍ አለ። ሰልፈኞቹ ደግሞ ከረባት አስረዋል።

ዘበኛው፦ ኮሚቴዎቹ ናቸው። እርስዎ ከመምጣትዎ ጥቂት ቀደም ብለው ደረሱ። መንገዱ ርቋቸው ነው መሰለኝ፣ ገና ከመኪና ሲወርዱ አላስቻላቸውም።

ሊቀመንበሩ፦ ስለ እኔ ምን አሉ?

ዘበኛው፦ ቤቱን በጣም ወደዱት። በጓሮ ያስገባቸውን ሰፈርተኛም አመሰገኑ። የፊቱን በር ማን ቆለፈው ሲሉኝ ግን የእርስዎን ስም ነገርኳቸው።

ሊቀመንበሩ፦ ለምን ተቆለፈ ሲሉህስ?

ዘበኛው፦ እንዳስተማሩኝ ነዋ። ለሚመጣው ትውልድ ነው አልኳቸው።

ሊቀመንበሩ፦ (ግድግዳውን ተደግፎ) በናትህ፣ እድገቱም ይቅርብኝ። ብቻ እንዲያስቀድሙኝ ለምንልኝ።

ዘበኛው፦ (ወደ ጓሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ) ጌቶቼ፣ ሊቀመንበራችን ክፉኛ ተጨንቀዋልና ቢያስቀድሟቸው? (ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል።) ጋሼ፣ «ከየትኛው ትውልድ ነው?» እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?