ግራ ጎኑ የጠቆረው መኪና

የመኪና ባለቤት የሆነ ወንድ ታውቃላችሁ? ሚስቱ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ ፊት ለፊቱ ስትመላለስ ብትውል ልብ አይላትም፤ መኪናው ላይ የጥፍር ታህል ጭረት ብትወጣ ግን ከገበያው ማዶ ቆሞ ያያታል። እኔ በዚህ አልፈርድም። ሰው ሁሉ የሚያበራለት አንድ ነገር ይፈልጋል። አንዱ ጥርሱን በመፋቂያ ሲገዘግዝ ይውላል፣ ሌላው ጫማውን ያስጠርጋል፣ እኔ ደግሞ የብረት ድስቶቼን ፈግፍጌ ፊቴን ካላየሁባቸው እንግዳ ወደ ቤቴ አላስገባም። ፊቴን ማየቱ ምን ይጠቅመኛል? እንጃ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ፊትን ማየት ድፍረት እንጂ ጥቅም የለውም።

ወሬዬ ግን ስለ እህቴ ልጅ ስለ ትርንጎ ነው። ትርንጎ ከጉና ሥር፣ ገብስና ድንች ከሚበቅልበት ብርድ አገር በልጅነቷ ወደ እኔ ወደ ደብረ ታቦር መጣች፤ እኔው ዘንድ አደገች፤ ከእኔው ቤት ተነሥታ ዓረብ አገር ሄደች፤ በአራተኛ ዓመቷ አንድ ሻንጣና አንድ የሚሽከረከር ማሽን ይዛ ተመለሰች። የሌላው ልጅ ወርቅ ይዞ ይመጣል፣ የእኔዋ ማሽን። ሻንጣው ሲከፈት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበርና ያ ማሽን ሲወጣ የወረደውን ዝምታ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰምቼው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተቀጠረችበት ቤት ጌታ የጭነት መኪኖች ነበሩት። አንድ ህንዳዊ ግቢው ውስጥ ተቀምጦ የመኪኖቹን አሉሚኒየም ሲያበራ ይውላል። ትርንጎ መጀመሪያ በኩሽናው መስኮት እያየች፣ ኋላ ደግሞ እየረዳችው ሥራውን ለቀመችው። አሉሚኒየም አይዝግም ይባላል። ይባል እንጂ ያረጃል። ጭቃው፣ ጨዉ፣ የጉና በረዶ ሲፈራረቅበት እንደ ሽማግሌ ቆዳ ይነጣል፣ ይጠቃጠቃል። ትርንጎ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ጀምራ ወደ ልስልሱ እያለች ታሸዋለች፤ ከዚያ ማሽኗ ላይ ክብ ጨርቅ ትገጥምና ቅባት እየቀባች ታሽከረክርበታለች። ጥቁር እድፍ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ሲጠረግ ከሥሩ መስታወት። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ሕፃን እሆናለሁ። የመጀመሪያውን ቸርኬ፣ ጎማው የሚገባበትን ብረት ማለቴ ነው፣ ያበራች ቀን አጨብጭቤ እልል ብል መንገደኛው ሰርግ መስሎት ቆመ።

ግን ማን ያሠራት? ሹፌሮቹ ይመጣሉ፣ ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱማ ድስት ልላክልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ላክ፣ ግን ሚስትህ ወጥ ልትሠራ ስትፈልገው የት አደረስከው ብላ እንዳትመታህ አለችው። ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ ሥራ ግን የለም። ወራቱ እንዲህ ሲያልፍ ባሕር ዳር ካለ ደላላ ጋር ተነጋገረችና ፓስፖርቷን ከሣጥኑ አወጣች። እስከ ፋሲካ እዚህ ሥራ ካልያዝኩ ተመልሼ እሄዳለሁ አለችኝ።

እኔ ሳቂታ ሴት ነኝ፤ ቀብር ላይ እንኳ የሚያስቅ ነገር አላጣም። ያን አራት ዓመት ግን ስልኩ ባልተለመደ ሰዓት በጮኸ ቁጥር፣ መርዶ መስሎኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነበር የማነሣው፤ በዚህ ዛሬም አልስቅም።

በመጨረሻ አንድ ሰው ተገኘ። ጋሽ ደሳለኝ ይባላሉ፤ ወደ ወረታ በሚያወጣው መንገድ ላይ ሰፊ ግቢና ሦስት ባለ ተሳቢ መኪኖች አሏቸው። ግቢያቸው በር ላይ ደግሞ ማንም የማይሠራበት የቆርቆሮ መጠለያ አለ። ትርንጎን ጠርተው አንዱን መኪና ሥሪልኝ አሏት። ከወደድኩት ሦስቱንም ትሠሪያለሽ፣ መጠለያውንም ሥሪበት፤ የእኔ መኪና ሲያበራ ያየ ሹፌር ሁሉ ወደ አንቺ መምጣቱ አይቀርም። ካልወደድኩት ግን አሉና ንግግራቸውን ሳይጨርሱት ቀሩ። ቀሪውን እኛ ቤት ስንገባ ጨረስነው። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። መኪናው ማክሰኞ ቀትር ላይ ገብስ ሊጭን ስለሚነሣ እስከዚያ ማለቅ አለበት።

ትርንጎ ሦስት ቀን ሠራች። ግጭት የሚመክተው የፊቱ ፓራውልት በራ። ቸርኬዎቹ በሩ። ሹፌሮች ሳልባትዮ የሚሉት የነዳጅ ጋን በግራም በቀኝም አለ፤ እያንዳንዱ የድግስ ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን ያህላል። የቀኙም በራ። ማክሰኞ ጠዋት የቀረው የግራው ብቻ ነበር፤ ትርንጎ ማሽኗን ሰክታ ልትጀምር ስትል መብራት ጠፋ።

መብራት ጠፋ ብሎ የሚገረም ሰው ካለ እንግዳ ነውና ቡና ይጋበዝ። ትርንጎ ማሽኗን አስቀመጠችና፣ ወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር አለ፣ ሄጄ ልለምናቸው አለች። አንቺ መኪናውን ጠብቂልኝ ብላኝ ሄደች። ጠብቂ ነው ያለችኝ። ሌላ አላለችኝም፤ ይህን አልክድም።

ጠበቅሁ። ግን ሰው እጁን አጣጥፎ ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ሳልባትዮውን አየሁት። ዞሬ አየሁት። ይህ ምንድን ነው? በጎኑ የተጋደመ ብረት ድስት አይደለም ወይ? ብረቱ ያው ብረት ነው፤ ቢተልቅ ነው እንጂ። ብረት ድስት ሲያድፍ ደግሞ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ ለእኔ የሚነግረኝ የለም። ትምህርት ቤትን ከአራተኛ ክፍል ብሰናበተውም በአመድ ነገር ግን ማንም አይፈትነኝም። ከግቢው አጠገብ ጠላ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ከእሷ አንድ እንቅብ አመድና አንድ ማሰሮ የፈላ ውሃ ለመንኩና በጠበጥኩት።

ድስት ሲሆን አመዱን አድርገን ወዲያው ፈግፍገን እናጥበዋለን። ይህ ግን የዓመታት እድፍ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል ብዬ ፈረድኩ። ማን ፍረጂ አለኝ? በትኩሱ ለድፌ፣ በጆንያ ጠቅልዬ፣ ቁርጥማት እንደያዘው ወገብ አሰርኩትና ከጠላ ሻጯ ጋር ጨዋታ ያዝኩ። ጨዋታው ጣፈጠ። ስለ ልጇ አማት ነበር።

ተመልሼ ጆንያውን ባነሣው ሳልባትዮው ጠቁሯል። እንደ ጉልቻ። ደንግጬ በሽቦ ብፈገፍገው ባሰበት። ሎሚ ብጨምርበት ጥቁረቱ ላይ ዝንጉርጉርነት ጨመረ። እጄን ብታዩት ከሰል አክሳይ ትሉኛላችሁ። በዚህ መሀል ትርንጎ ጄኔሬተሩን በጋሪ አስጭና በሩን ገባች።

"እቴቴ፣ ምን አድርገሽው ነው?"

አመድ አልኳት። ልጄ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ጠጋ ብላ በጣቷ ነካችውና የተጋደመ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። ይህ አሁን እንደገና በሻካራው ወረቀት ተጀምሮ እስከ ማታ ይፈጃል አለች፤ ድምፅዋ ሌላ ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? ለስድብ መልስ አላጣም ነበር። ቀትር ሊሆን አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ጋሽ ደሳለኝም እንደ ማንኛውም በማይፈለግበት ጊዜ እንደሚመጣ ሰው ቀደም ብለው መጡ፤ ያውም ሁለት ሹፌሮቻቸውን አስከትለው።

በቀኝ በኩል ጀመሩ። ሳልባትዮው ላይ ራሳቸውን አዩና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ዞር ብለው ጎናቸውን አዩ። ቀስ ብለው ጥርሳቸውንም አዩ። የድስት ነገር ያነሣው ሹፌር ከሁለቱ አንዱ ነበር፤ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። በፊት በኩል ሲያልፉ ፓራውልቱ ውስጥ አንድ ቁመታቸው የረዘመ ጋሽ ደሳለኝ አብረዋቸው አለፉ፤ በእሱም ተደሰቱ። ከዚያ ወደ ግራ ዞሩ። እኔ ልውደቅና ራሴን ልሳት ብዬ አስቤ ነበር፣ መሬቱ ጭቃ ሆነብኝ።

ጎንበስ ብለው አዩት። በጣታቸው አሹት፤ ጣታቸውን አዩ፤ አይለቅም። ቆባቸውን አወለቁ።

"ልጄ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?"

ትርንጎ ብድግ ብላ እውነቱን ተናገረች። ስሕተት ነው ጋሼ፣ አክስቴ አመድ ለድፋበት ነው፣ እስከ ማታ ጊዜ ይስጡኝ አስተካክለዋለሁ አለች። እሳቸው ግን አልሰሟትም። የመጀመሪያ መኪናቸውን ታሪክ ይዘዋል። ያ መኪና አዲስ ነበር፣ በየቀኑ ያሳጥቡት ነበር፣ በሐሙሲት ባለፈ በይፋግ ባለፈ ያየው ሁሉ ወይ ማማር ይላል፤ በስመ አብ የሚል ግን አንድም የለ። በሦስተኛ ወሩ ከጉና ሲወርድ ተገለበጠ። ሹፌሩን ማርያም አወጣችው። ከዚያ ወዲህ መኪና ማሳጠብ እንኳ እፈራለሁ አሉ፤ ማማሩን ደግሞ እወዳለሁ፤ ምን ላድርግ?

"ሦስት ቀን ሙሉ ሳስብ የነበረው፣ ይህ ሁሉ አብርቶ የሰውን ዓይን ምን አደርገዋለሁ ብዬ ነው። ልጇ ያማረባት እናት ግንባሩን ጥላሸት ትቀባው የለም? አንቺ ለመኪናዬ እናት ሆነሽለት አገኘሁሽ።"

ትርንጎ ደግማ ስሕተት ነው አለች። ጋሽ ደሳለኝ ወደ እኔ ዞረው፣ እቱ፣ ልጅሽ ምስጢር አታወጣም፣ ባለ ሙያ እንዲህ ነው አሉኝ። በሦስተኛው በማርያም ስም ማለች። ለሹፌሮቻቸው እዩዋት አሉ፣ ዓይኑ ሰምቶ እንዳይነቃ ብላ እኮ ነው የምትምለው። እኔ ዝም አልኩ። ክርስትና ከተነሣሁ ጀምሮ ሰው ሲያወራ ዝም ስል የመጀመሪያዬ ነው፤ የሚያውቁኝ ሰዎች እስካሁን አያምኑኝም።

የመጠለያው ቁልፍ በዚያው ቀን ተሰጣት። ደላላው ሁለት ጊዜ ደወለ። ሦስተኛውን እኔ አነሣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ደውሎ አያውቅም።

አሁን ሥራው ሞልቷል፤ ለሥራው የሚሰጠው ትእዛዝ ግን ያው አንድ ዓይነት ነው፦ ሁሉን አብሪው፣ ግራውን እንደ ጋሽ ደሳለኝ። ትርንጎ ያ ህንዳዊ ቢያየኝ ምን ይለኛል እያለች በኃፍረት ትሞታለች። ግራው ላይ ስትደርስ ፊቷን ታዞርና እቴቴ ብላ ትጠራኛለች፤ እኔም አመዴን ይዤ ከተፍ እላለሁ። ሎሚውን ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደምጨምር አልናገርም፤ እኔም ባለ ሙያ ሆኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ሹፌር እንደ እሱ ያረጀ መኪና ይዞ መጣ። ፓራውልቱ በገመድ የታሰረ፣ ቀኙም ግራውም እንደ ኖራ የነጣ፣ ከተገዛ ጀምሮ ውሃ የነካው ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነው። ትርንጎ ደስ ብሏት ብርጭቆ ወረቀቷን አወጣች። ሰውየው ተይው አላት፤ ማብራት አልፈልግም፣ የግራውን ብቻ አጥቁሩልኝ። ደግሞ የትኛውን ማማር ከዓይን ልታድንበት ነው ብዬ ጠየቅሁት። በእኔ አለማወቅ ሳቀ።

"ከፊቴ የሚመጣው መኪና ግራዬን አይቶ፣ ይሄ ሰውዬማ ቀኙን አብርቶታል ማለት ነው ይለኛል። በቀኜ እንደሆነ ገደል ነው፤ ማን ሊያየው?"