የአማቴ አለርጂ

ሬስቶራንት ገብቶ መብላቱስ ይለመዳል። ጭንቁ ማዘዙ ላይ ነው። እዚህ አሜሪካ አስተናጋጅ መጠየቅ ሲጀምር መርማሪ ፖሊስ በሉት። ዳቦው ምን ዓይነት ይሁን? ሰላጣው ላይ ምን ይጨመር? እንቁላሉ እንዴት ይጠበስ? እኔማ የመጣሁ ሰሞን ለሁሉም «የስ» እያልኩ የመጣልኝን እበላ ነበር።

ለራስ ሲሆን ደግ ነው። ለአማት ሲሆንስ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። አማቴ እማማ ዘነበች ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡት በሁዳዴ ጾም ነበር። ብርዱ ነው፣ በረዶው ነው እያልን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማችን ሳይወጡ ሰነበቱ። ምግባቸው አነሰ፤ ጨዋታቸውም አጠረ። በመጨረሻ ትኬቴን ቀይሩልኝና ልመለስ አሉ። ባለቤቴ ተጨነቀች። እሷ ቅዳሜም ሥራ ስላለባት ትእዛዙ ለእኔ ደረሰኝ፤ እናቴን ይዘሃት ውጣ፣ ትናፈስ።

ከልጃችን ከሜሮን ጋር ሆነን እዚያው አቅራቢያችን ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ወንዝ ዳር ወሰድናቸው። ሜሮን እዚሁ የተወለደች የሃይስኩል ተማሪ ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ግን የምትሰማው ቃል በቃል ነው። ሲርበን አንድ ሬስቶራንት ገባን።

እማማ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል እንደማይበሉ ለአስተናጋጁ ነገርኩት። ለምን ሲለኝ «ፋስቲንግ» ላይ ናቸው አልኩ። ልጁ ግራ ገባው። ፋስቲንግ ላይ ከሆኑ ታዲያ ሬስቶራንት ምን አመጣቸው? እውነቱን እኮ ነው፤ በእነሱ ቋንቋ የጾመ ሰው ጭራሽ አይበላም። ላስረዳው ስል ባለቤቴ ኮል አደረገችልኝ። ሜሮንን ተርጉሚ ብዬ ስልኬን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ስመለስ አስተናጋጁ፣ ማናጀሩና ነጭ ቆብ ያደረገች ሼፍ እማማን ከበው ቆመዋል። ማናጀሩ የአለርጂ መርፌያቸውን ይዛችኋል ወይ አለኝ። የምን መርፌ?

ለካስ አስተናጋጁ፣ አያትሽ ቅቤ ቢበሉ ምን ይሆናሉ ብሎ ሜሮንን ጠይቋት ኖሯል። እሷም ወደ አያቷ ዞረች።

«እማማ፣ ብትበዪው ምን ትሆኛለሽ?»

«ምን እሆናለሁ፣ ነፍሴ ትጠፋለች እንጂ።»

ሜሮን ነፍስን ታውቃለች፤ መጥፋትንም ታውቃለች። ሁለቱን ገጣጥማ፣ ትሞታለች ብላ ተረጎመችው። ኩሽናው ቀጥ አለ።

በኀፍረት እየቀለጥኩ ነገሩን አስረዳሁ። በትሕትና ውጡልን የሚሉን መስሎኝ ነበር። ማናጀሩ በረጅሙ ተነፈሰ። ሼፏ ግን ሳቀች፤ ወንበር ስባ እማማ አጠገብ ተቀመጠችና ታዲያ ምን ይወዳሉ አለች። ምስር፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፤ የሚያቃጥል ነገር ካለም አይጠላም። አሁን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ሜሮን ለጊዜው ከሥራ ታግዳለች። ሼፏ በንጹሕ መጥበሻ ሠርታ ራሷ ይዛ መጣች። እማማ እዚህ አገር ከገቡ ወዲህ እንደዚያ ሲበሉ አላየኋቸውም። ሲጨርሱ ብድግ ብለው ሼፏን መረቋት። ሴትዮዋ አንዲት ቃል ሳይገባት ራሷን ዝቅ አድርጋ ተመረቀች።

መኪና ውስጥ እንደገባን እማማ፣ ቅድም እንደዚያ የከበቡኝ ለምንድን ነው አሉ። ነገርኳቸው። ይቆጡ ይሆናል ብዬ በመስተዋቱ አየኋቸው። እሳቸው ወንዙን ያያሉ። ትኬቱ ይቅር፣ ፋሲካን እዚሁ እውላለሁ አሉ። ምን ሐሳብዎን አስቀየረዎት አልኩ።

«ያን ሁሉ ዘመን ንስሐ ስገባ፣ የነፍስ አባቴ እንኳ ለነፍሴ እንደዚህ ደንግጠውልኝ አያውቁም።»