ያልተሾሙት የኮምቦልቻ አስጎብኚ

ጋሽ መሕሙድ ሰይድ በየቀኑ ረፋድ ላይ ነጭ ቆባቸውን አጥልቀው፣ ዱላቸውን ይዘው ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ ይቆሙና ከሚኒባስ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ይመረምራሉ። የሚፈልጉት የሚያውቁትን ሰው አይደለም፤ የማያውቁትን ነው። ግራ ቀኝ የሚያይ፣ ሻንጣውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው የሚያዛውር፣ በዚያ ሙቀት ጃኬቱን ያላወለቀ ሰው ካገኙ ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ሁለት እጃቸውን ይዘረጋሉ።

«እንኳን ደህና መጣህ። ጃኬትህን አውልቅ፤ ደሴን አልፈሃታል።»

በምድር ላይ እንዲህ ያለ ሰው የሌላት ከተማ የለችም። ማዘጋጃ ቤት አልሾመውም፣ ደመወዝ የለውም፣ ነገር ግን የከተማዋ ክብር እሱ አንድ ቀን ቢተኛ የሚወድቅ ይመስለዋል። በሌላ ከተማ ይህ ሰው ከሰዓት በኋላ ይደክመዋል። ጋሽ መሕሙድ ግን አይደክማቸውም። የባጃጅ ሾፌሮች «ክቡር ከንቲባ» ይሏቸዋል፤ እንግዳ ሲይዙ ካዩ ደግሞ «ተያዘ» ተባብለው ይሳሳቃሉ።

ጉብኝቱ የሚጀመረው ከአትክልት ተራ ነው። እዚያ እንግዳው ቲማቲም እንዲዳብስ፣ ሽንኩርት እንዲያገላብጥ፣ ማንጎ እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ሻጮቹም ክቡርነታቸውን ስለሚያውቁ አይቆጡም። ቀጥሎ ከባቲ በኩል የመጡ ግመሎች ካሉ ይታያሉ። ከሌሉ ትናንት የቆሙበት ቦታ ይታያል። ከዚያ የቦርከና ወንዝ ዳር ማሳ፣ ከማሳው ወዲያ የፋብሪካው ጣሪያ።

«ይህ አፈር እኮ የወደቀ መፋቂያ ያጸድቃል» ይላሉ ጋሽ መሕሙድ። «እኔ ራሴ እዚህ ጋ ዱላዬን ይዤ ብዙ አልቆምም። ሥር ያወጣብኛል።»

ከተማዋ ለምስጋናው የምትበቃ አይደለችም ማለት አይቻልም። አፈሩ ሰጪ ነው፤ ፓፓያው በየጓሮው ይንጠለጠላል፤ የሽንኩርት ጆንያ በጠዋት ይሞላና ማታ ተጭኖ ያልቃል። ግን ክረምቱ ሊገባ ሲል ያለው አየር እንደ እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ሸሚዝ ከጀርባ አይላቀቅም፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ትንኙ ይነሳል። ይህ በጉብኝቱ ውስጥ አልተካተተም። አንድ ጊዜ ከአዳማ የውሃ ፓምፕ ሊሸጥ የመጣ ወጣት፣ «እዚህ ወባ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ድሮ ነበር» አሉና የራሳቸውን ማጅራት በጥፊ መቱ።

«እቺስ?»

«እሷ መንገደኛ ናት። ከታች ነው የመጣችው።»

ደሴ ከተነሳች ደግሞ ንግግሩ ይረዝማል። በሀረጎ ዳገት ወጥቶ ትንሽ የሚያስኬድ መንገድ ነው፤ በእሳቸው አነጋገር ግን ሌላ አህጉር ነው። «ደሴ ሰው ሰላም አይልህም» ይላሉ። «ክፉ ሆኖ አይደለም። እጁ ከኪሱ አይወጣም። ደግሞስ አውሮፕላን ልሳፈር ሲል ወደ ማን ነው የሚወርደው?»

ጉብኝቱ ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ቦታ ነው፤ በራሳቸው ቤት፣ በምሳ ሰዓት። «ቸኩያለሁ» ያለ ሁሉ፣ «ብላና ትቸኩላለህ» ይባላል። የፓምፑ ነጋዴ ቀጠሮው አለፈበት። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ የባንክ ተቆጣጣሪ በልቶ ሲያበቃ እዚያው ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ ቅርንጫፉ ያን ቀን ሳይቆጣጠሩት ዋለ፤ ሠራተኞቹም ክቡር ከንቲባን መረቁ።

ይህ ሁሉ ለከተማዋ ሲባል የሚደረግ ነው ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አለ። እሳቸውም ከሚያምኑት አንዱ ናቸው። ነገር ግን ባለቤታቸው ዘይቱና ከሞተች ወዲህ ጋሽ መሕሙድ ብቻቸውን ሲሆኑ እህል አይወርድላቸውም። ሰው ባላገኙበት ቀን ትሪውን አቅርበው ትንሽ ያዩታል። ሬዲዮ ይከፍታሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ይቆርሳሉ፤ ከዚያ ይከድኑትና ወደ ጓሮ ይወጣሉ።

በግንቦት መጀመሪያ ማንጎ ላውርድ ብለው ከመሰላል ወደቁ። እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው ከቀትር በፊት ጀምሮ ዛፉ ሥር ተጋድመው ዋሉ። የሚጠራ ሰው በአቅራቢያው አልነበረም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ የአጥር ጎረቤታቸው አቶ ሞላ ከሽንኩርት ማሳቸው ሲመለሱ አዩዋቸው።

«አንተ፣ ምን ታደርጋለህ እዚያ?»

«ማንጎውን ከዚህ ሆኜ እየቆጠርኩት ነው።»

አቶ ሞላ አንስተው ወደ ቤት አስገቧቸው፤ ማታውን ደሴ ለሚኖረው ልጃቸው ለተውፊቅ ደወሉ። ጋሽ መሕሙድ ይህን እንደ ክህደት ቆጠሩት፤ ለሁለት ቀንም አላናገሯቸውም።

ተውፊቅ ደሴ ፒያሳ ሱቅ አለው፤ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ቤት ሠርቷል። እንደመጣ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«አባባ፣ ይህን ቤት እናከራየውና እኔ ጋ ይግቡ። ሰው በሌለበት ቢሞቱስ?»

«ሰው ባለበትም ይሞታል።»

«አረፋን እንኳ መጥተው ይሞክሩት።»

«ለአረፋ እመጣለሁ። ስለ ቀረው ከበዓሉ በኋላ እንነጋገራለን።»

እሳቸውን ያስጨነቃቸው ሞት አልነበረም። ተውፊቅ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ነው፤ ሚስቱ ረሂማ ሥራ ትሄዳለች፤ ልጆቹ ምሳቸውን ቋጥረው ነው ትምህርት ቤት የሚውሉት። ደሴ ከገቡ በቀትር ትሪው ላይ ማን እጁን እንደሚሰድ ነበር የሚያስቡት።

በበዓሉ ዋዜማ እግራቸው የተሻላቸው ጋሽ መሕሙድ አንድ ኬሻ ፓፓያ፣ አንድ በግና አንድ ፍየል ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነው ሀረጎን ወጡ። አጋማሽ ላይ ጋቢያቸውን ደረቡ። ከላይ ፍየሉ እስከ ደሴ ድረስ ሲጮህ ስለነበር ተሳፋሪው ሁሉ በየተራ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያይ ነበር።

በበዓሉ ጠዋት ከሶላት መልስ በጉ ታረደ። ተውፊቅ እጁን ታጥቦ ሲመጣ ፍየሉ አሁንም በሩ ጋ እንደታሰረ ነው።

«አባባ፣ ይኼኛውስ?»

«የክርስቲያኖቹ ነው።»

«የትኞቹ ክርስቲያኖች?»

ኮምቦልቻ ይህ አይጠየቅም። በአረፋ አቶ ሞላ ቢላቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ክርስቲያን እንግዶች የሚበሉትን ያርዳሉ፤ በሌላ ድስት ይሠራል፤ ሁሉም አንድ ቤት ተቀምጦ የየራሱን ይበላል። በፋሲካ ደግሞ ጋሽ መሕሙድ አቶ ሞላ ዘንድ ሄደው ለሙስሊሙ ጎረቤት ያርዳሉ። ደሴም ልማዱ ይኸው ነው። ተውፊቅ ግን ከቤቱ ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ወደ ቤቱ ሲመላለስ ጎረቤት የሚባለውን ነገር ለሌላ ጊዜ አቆይቶት ነበር። ጋሽ መሕሙድም ፍየሉን ሲገዙ የሚያርደውንና የሚበላውን ሰው ኮምቦልቻ ትተው እንደሚሄዱ አላሰቡትም።

«እንሽጠው» አለ ተውፊቅ።

«ለእንግዳ የተባለ አይሸጥም። ደግሞ አስልቼዋለሁ፤ ዘንድሮ አረፋ ፋሲካ በዋለ በሃምሳው ውስጥ ነው፣ ረቡዕም ቢሆን አይጾሙም።»

ይህን ብለው ፍየሉን ፈትተው ይዘው ወጡ።

ጭጋጉ ገና አልተነሳም። መንገዱ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ከቶ ነው የሚሄደው፤ የራሳቸውም እጅ ኪሳቸው ውስጥ እንደነበረ ጋሽ መሕሙድ ያወቁት በር ለማንኳኳት ሲፈልጉት ነው። የመጀመሪያው በር አልተከፈተም። ከውስጥ የሠራተኛ ድምፅ መጣ።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«ክርስቲያን።»

«የሉም፣ ሥራ ሄደዋል።»

በሁለተኛው በር ነጠላ ያጣፉ ሴት ብቅ አሉ። መጀመሪያ ፍየሉን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አዩ።

«ስንት ነው?»

«አይሸጥም።»

«ታዲያ ምን ሊያሳዩኝ ነው ያመጡት?»

«እንዲበሉት ነው። እዚህ ጎን ያለው የተውፊቅ አባት ነኝ።»

«ተውፊቅ ማነው?»

ጋሽ መሕሙድ በዱላቸው አመለከቱ። አጥሩ ከአጥራቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሴትየዋ አጥሩን አዲስ እንደተሠራ ነገር አዩት።

ስማቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ነው። ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። «እኔ መብላቱ አያቅተኝም» አሉ። «ቤቴ ግን የሚያርድ ወንድ የለም። ባሌም አርፏል።»

ሁለቱ አዛውንቶች ከነፍየላቸው መንገድ ዳር ቆመው ሳለ መስታወቷ ላይ የማርያም ሥዕል የለጠፈች ባጃጅ መጣች። ጋሽ መሕሙድ ዱላቸውን አነሱ።

«ወዴት ነዎት ፋዘር? ፍየሉም ይሳፈራል?»

«የትም አልሄድም። ፍየል ታርድልኛለህ?»

አግማስ የሚባለው ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። «እኔ? እኔ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም።»

«ክርስቲያን ነህ?»

«ክርስቲያንስ ነኝ።»

«ይበቃል። ሌላውን እናሳይሃለን።»

እንዲህ ሆኖ በተውፊቅ ግቢ ውስጥ የኮምቦልቻው ሙስሊም ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ለደሴው ክርስቲያን ወጣት እርድ አስተማሩ። «በግራ እጅህ አገጩን ያዝ። ፊቱን ወዴት እንደምታዞር እቴቴን ጠይቅ፣ የእናንተን እኔ አልናገርም።» ወይዘሮ ሸዋረጋ ነገሩት። «በስመ አብ በል እንጂ፣ ምን ይዘጋሃል» አሉትም። አግማስ አለ፤ ሲጨርስ ላብ አጥምቆት ነበር። ረሂማ ትርፍ ድስት ስላልነበራት ወይዘሮ ሸዋረጋ የራሳቸውን አመጡ፤ ከድስቱ ጋር ሁለት ሌሎች ጎረቤቶችን ጠርተው መጡ።

ምሳው በመተዋወቅ ተጀመረ። አንድ መንገድ ላይ ለዓመታት የኖሩ ሰዎች ስም ለስም ይጠያየቁ ነበር። ተውፊቅ በየመልሱ አንገቱን ደፋ። ጋሽ መሕሙድ ነገሩን ለማሟሟቅ ስለ ኮምቦልቻ አፈር ጀመሩ፣ ስለ መፋቂያው ተናገሩ፣ ስለ አውሮፕላኑም ሳይቀር። ማንም አልተቃወማቸውም። ይህ ትንሽ ቅር አሰኛቸው። አግማስ ብድግ ሲል፣ «ብላና ትቸኩላለህ» ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ሊበተኑ ሲሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ በሩ ላይ ቆሙ።

«ባሌ ካረፈ ወዲህ ለእስላም ጎረቤት ማሳረድ ትቻለሁ። የምጠራው ሰው አጣሁ። ፍልሰታ ሲፈታ ይኖራሉ?»

ተውፊቅ እጅ ሊያስታጥብ የያዘውን ውሃ ማፍሰስ አቆመ። ጋሽ መሕሙድ አላዩትም። ወደ ታች፣ ጭጋጉ ወደ ሸፈነው ወደ ሀረጎ በኩል ሲያዩ ቆዩ።

«ነሐሴ አሥራ ስድስት ዘንድሮ ቅዳሜ ነው የሚውለው» አሉ በመጨረሻ።

«ቅዳሜ ነው።»

«ኢንሻአላህ እገኛለሁ። ፍየል ይሁን፤ ለብርድ እሱ ይሻላል።»

ማታ አቶ ሞላ ደወሉ። «ትመለሳለህ?» አሉ።

«ነሐሴ ላይ ሥራ አለብኝ።»



«ታዲያ ከእንግዲህ በአረፋ እኔን ማን ይጠራኛል?»

«ለፋሲካ እወርድልሃለሁ» አሉ ጋሽ መሕሙድ። ስልኩን ከዘጉም በኋላ በእጃቸው እንደያዙት ተቀመጡ፤ ልጆቹ መጥተው መብራቱን ሲያጠፉባቸው ነው የተነሱት።

ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ አባትና ልጅ የቤቱን ቁልፍ ለተከራይ ለማስረከብ ኮምቦልቻ ወረዱ። ተከራዩ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው ኮምቦልቻ ነው፤ ይህንንም በግልጽ ነገራቸው። ጋሽ መሕሙድ ከአትክልት ተራ ጀምረው ከተማዋን አስጎበኙት፣ ምሳ አበሉትና በአሥር ሰዓቱ ሚኒባስ ወደ ደሴ ወጡ።