የአለቃ «ይሄማ ይያዝ»

በየሰፈሩ አንድ አጎንባሽ አይጠፋም። ሌላው ሰው መንገድ የሚወጣው ለመድረስ ነው፤ አጎንባሽ ግን ለማንሳት ነው። እናንተ ስለ እህል ውድነት ስታወጉት የእሱ ዐይን መሬት ላይ ነው። ዞር ስትሉ ከኋላችሁ ቀርቶ፣ አንድ ድንጋይ በምራቁ እያረጠበ በፀሐይ ያገላብጣል። አፈር ለእርሻና ለመቃብር ብቻ እንደሚሆን ማንም አስረድቶት አያውቅም።

የደሴው አጎንባሽ ክቡር አለቃ ወልደ ሚካኤል ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ፣ የአፈር ወዳጅ፣ የጎረቤት ግድግዳ ፈርፋሪ። ጣሊያን ደሴ በገባ በሦስተኛው ዓመት ፒያሳ ላይ በቆርቆሮ የታሸገ ቀለም መሸጥ ተጀምሮ ነበር። አለቃ አንዱን ቆርቆሮ አስከፍተው አሸተቱና «ይሄ እናቱን የማያውቅ ቀለም ነው» ብለው መለሱት። የእሳቸው ቀለም እናቱ የታወቀች ናት፤ ቀዩ ከኩታበር መንገድ ጥግ፣ ነጩ ከቦርከና ዳር፣ ጥቁሩ ከወይራ ከሰል። ከሰኞ ገበያ እዚያው አጠገቡ ፒያሳ ድረስ ከእሳቸው ጋር በእግሩ ሊሄድ የተነሳ ሰው ስንቅ መያዝ ነበረበት።

ይህን እንደ ጎረቤታቸው እንደ እንድሪስ የሚያውቅ አልነበረም። እንድሪስ እንቁላል ነጋዴ ነው፤ ከኮምቦልቻ ገዝቶ፣ በገለባ ደርድሮ፣ በአህያ ጭኖ ደሴ ያወጣል። አለቃ አብረውት ይወርዳሉ፣ አብረውት ይወጣሉ፤ በየመንገዱም ጣታቸውን ቀስረው «ይሄማ ይያዝ!» ይላሉ። መያዙ ግን የእሳቸው ሥራ አልነበረም። ጣት የሚቀስሩት አለቃ፣ የሚቆፍረው እንድሪስ፣ የምትሸከመው አህያይቱ። በአንድ ጎን እንቁላል፣ በሌላው ጎን ድንጋይ።

«አለቃ፣ ድንጋይና እንቁላል ጎረቤት ይሆናል ወይ?» ይላቸዋል።

«እኔና አንተ ሆነን የለም ወይ?» ይሉታል። ከሁለቱ ማን እንቁላሉ እንደሆነ ግን ነግረውት አያውቁም። ቀለሙን የሚለውሱት በአስኳል ስለሆነ፣ ከድንጋዩ አልፈው ወደ ሌላኛውም ጎን እጃቸውን መስደዳቸው አልቀረም።

አህያይቱ እንኳ ለመደች። ግራ ጆሮዋን ጅብ ቀንጥቧታል፤ የቀረው ጆሮ ግን በደንብ ይሰማል። «ይያዝ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ባለችበት ቀጥ ትላለች፤ ድንጋዩ ተጭኖ ጀርባዋን መታ እስኪያደርጓት ንቅንቅ የለም። «ወላሂ፣ አህያዬን አበላሹብኝ» እያለ እንድሪስ ለሚስቱ ለጣይባ ያማርር ነበር።

ያን ሰሞን አለቃ ለአንድ የኩታበር ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት በሸራ ላይ እየሳሉ ነበር፤ ልጇን ታቅፋ በአህያ ግብፅ ስትወርድ። ሁሉ ተሟልቶ አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ በራሷ ዙሪያ የሚሆነው ብርሃን። ለእሱ የሚሆን ቢጫ አፈር ሦስት ወር ፈልገው አጡ። እንድሪስም የራሱ ጉዳይ ነበረው። የልጁ የመዲና ኒካህ በማግስቱ ነው፤ የሚድራትም እሱ አባቷ ነው። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ሲነሱ «አለቃ፣ ዛሬ መጎንበስ የለም» ብሎ ቃል አስገባቸው።

ሐረጎ ዳገት ላይ ካለው ኬላ እስኪደርሱ ቃላቸውን ጠበቁ። ኬላውን የሚጠብቀው ለጣሊያን ያደረ አንድ ሹምባሽ፣ የባንዳ ወታደሮች ሹም ነው፤ ዐርበኞች በየጫካው አሉ እየተባለ ጭነት ሁሉ ይፈተሻል። አለቃ ቃሉን ሳይገቡ ያስጫኗቸውን የአፈር ከረጢቶች አስወረደ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመላእክት ክንፍ» አሉ አለቃ። አፈርን የሚጠሩት በሚሆነው ነገር ስም ነበር።

«ይሄስ ቀዩ?»

«የዮሴፍ ካባ።»

«ጥቁሩ?»

«የሄሮድስ ወታደሮች።»

ሹምባሹ ወታደሮቹን አየ፤ ወታደሮቹም እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንድሪስ በሆዱ «ያረቢ» አለ። እዚህ ላይ ዝም ቢባል ነገሩ ያልፍ ነበር። የአለቃ ዐይን ግን እንደ ልማዱ ወደ መሬት ወርዶ ከሹምባሹ ጫማ ላይ ደረሰ። ከተረከዙ ሥር አንዲት ድንጋይ ብቅ ብላለች፤ እንደ አስኳል ቢጫ። የገቡት ቃል ጠፋቸው፤ ጣታቸው ወደ ሹምባሹ ተቀሰረ።

«እንድሪስ! ይሄማ ይያዝ!»

ሁለት ጠመንጃ ባንዴ ተነሳ። የኬላ ሹም በኬላው ላይ እንዲያዝ ያዘዘ ሠዓሊ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም።

«ማን ነው የሚይዘኝ?» አለ ሹምባሹ ፊቱ ጠቁሮ። «እሰሯቸው! ሁለቱንም!»

እንድሪስ ያሰበው ልጁን ነው። ነገ ሰው ተሰብስቦ፣ ቃዲው ተቀምጦ፣ የሙሽራዋ አባት የት ነው ሲባል ጣይባ ምን ልትል ነው? ያንን ቃል ከነተናጋሪው ረገመው። ከዚያ አህያይቱን አየ። አንደኛው ወታደር ገመዷን ይጎትታል፤ እሷ ግን ቃሉን ሰምታለችና ቀጥ ብላ ድንጋይዋን ትጠብቃለች።

«ጌታዬ» አለ። «እኔንም አይመኑኝ፣ አለቃንም አይመኗቸው። አህያይቱን ይጠይቋት።»

«ማንን?»

«ወላሂ ምስክር ናት። ለኒህ ሰውዬ ይያዝ ማለት ድንጋይ ይነሳ ማለት ነው። ይሞክሯት።»

ሹምባሹን ከቁጣው ይልቅ ጉጉቱ አሸነፈው። እንድሪስ ጀርባዋን መታ ሲያደርጋት አህያይቱ መራመድ ጀመረች። «ይያዝ» አለ ሹምባሹ፣ እያፈረ፣ በዝግታ። ቆመች። ደግሞ አስነዳት፤ አሁን ጮክ ብሎ «ይያዝ!» አለ። ቆመች። በሦስተኛው ላይ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ግንብ አስደግፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። ሹምባሹ ዐይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ።

«ሂዱልኝ» አለ። «ከነአፈራችሁ ሂዱልኝ።»

እንድሪስ ገመዱን ይዞ ተጣደፈ። አለቃ ግን ካሉበት አልተነሱም።

«ልጄ» አሉ ሹምባሹን፣ «እስቲ እግርህን አንሳልኝ። የእመቤታችንን ብርሃን ረግጠሃል።»

ሹምባሹ ደንግጦ አማተበ፤ እግሩንም አነሳ።

ኒካሁ በሰዓቱ ታሰረ። አለቃም በክብር ተጠርተው መጡ፤ እንግዳው ሁሉ ሲመርቅ እሳቸው የዳሱን ምሰሶ ቅርፊት በጥፍራቸው ሲፍቁ ታዩ። እንድሪስ «ከእንግዲህ አብረን አንወርድም» አላቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉም በቃሉ ጸና።

በሦስተኛው ሳምንት አለቃ ወደ ግቢያቸው አስጠሩት። ሸራው ግድግዳው ላይ ተወጥሯል። በእመቤታችን ራስ ዙሪያ ያ ቢጫ በርቷል፤ ያየ ሁሉ ስለሱ ያወራ ነበር። እንድሪስ ግን ያየው ከሥር ያለችውን አህያ ነው። ግራ ጆሮዋ ተቀንጥቧል።

«የኔ ናት» አለ።

«ታዲያ የማን ትሁን? እስከ ግብፅ የምትታመን ሌላ አህያ አላውቅም። ቅር ካለህ ጆሮዋን እሞላዋለሁ።»

«ኧረ ይተዉት፣ አለቃ። መርየምን ተሸክማ፣ ምን ቅር ይለኛል?» አንገቱን አስግጎ አህያይቱን ከጆሮዋ እስከ ኮቴዋ አያት። «ጆሮዋ እንዳለ ይሁን» አለ። እኒህን ሰውዬ ይወዳቸው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያማረረባቸውም ስለሚወዳቸው ኖሯል።

በሚቀጥለው ሳምንት አለቃ ሸራውን ሊያስለጥፉ ኩታበር ሄዱ፤ እንድሪስም ብቻውን ኮምቦልቻ ወርዶ ተመለሰ። ለድንጋይ የሚያስቆመው ሳይኖር፣ ጭነቱም ቀልሎ ዳገቱን ወጣ፤ መንገዱ ግን ጭር አለበት። ሐረጎ ላይ ኬላውን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ከመንገዱ ዳር አንዲት አረንጓዴ ድንጋይ አየ። ወደ ፊት አየ፣ ወደ ኋላ አየ፤ ሰው የለም። ጉሮሮውን ጠረገ።

አፉን ከመክፈቱ በፊት አህያይቱ ቆማ ነበር።