የአቶ ቶማ ቢላዋ

ዶሮ አርጃለሁ። አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ። በገዛ እጄ፣ ሴት ሆኜ፣ እዚሁ ሶዶ ከተማ ውስጥ፣ የወጥ ቤቱን በር ከውስጥ ቀርቅሬ።

ይሄ ምን ያስደንቃል የምትሉኝ ካላችሁ፣ ሄዳችሁ እናታችሁን ጠይቁ። ሴት ዶሮ አታርድም። ሕጉ ይሄ ነው፤ የት እንደተጻፈ ግን እስካሁን አላገኘሁትም። ገበያ ወርደን ዶሮዋን የምንመርጠው እኛ። ውኃ የምናፈላው፣ ላባ የምንነጨው፣ አሥራ ሁለቱን ብልት የምናወጣው፣ ሽንኩርት ላይ የምናለቅሰው እኛ። ወንዱ ሦስት ሰከንድ ቢላዋ ይይዝና እጁን ታጥቦ ይቀመጣል። ወጡ ሲጣፍጥ ታዲያ ማን ይመረቃል? እሱ።

የኔ ነገር የጀመረው እንዲህ ነው። ባሌ ለሥራ ሁምቦ ወርዶ ሳለ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከጉኑኖ ደወሉልኝ። ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ እየመጣሁ ነው አሉ። እኔም እንደ ደንቡ ዶሮዬን በብብቴ፣ ቢላዋዬን በእጄ ይዤ በራፍ ላይ ወጣሁ፤ አላፊ አግዳሚ ወንድ ልለምን። ዝናብ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ባጃጅ ገና ሲያየኝ ፍጥነት ጨመረ። አልፈርድበትም። ቢላዋ ይዛ ዝናብ ውስጥ ለቆመች ሴት ማን ይቆማል? ሁለተኛው ከረባት ያሰሩ ሰውዬ ነበሩ። ደም ሲያዩ እንደሚያዞራቸው ነግረውኝ፣ ይቅርታ ጠይቀውኝ አለፉ። እስቲ አስቡት። እሳቸው እያረዱ ራሳቸውን ስተው ቢወድቁ ደንብ ነው፤ እኔ ቆሜ ባርድ ነውር ነው።

ገባሁ፣ በሩን ቀረቀርኩ፣ አረድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሽንኩርቱ ይቀላል።

አማቴ ልጃቸው ስለሌለ ፈረሰኛውን ራሳቸው ወረሱትና፣ እየበሉ አራጁ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ።

"መንገደኛ ነው" አልኳቸው። "ከዱቦ የመጣ። አቶ ቶማ ይባላል።"

ስሙ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እሳቸው ግን እጁ የሚጣፍጥ ሰው ነው፣ እንዳትለቂው አሉኝ። አልለቀቅኩትም። ዶሮ ባማረኝ ቁጥር አቶ ቶማ በሰፈራችን ያልፋል። አማቴ በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘውለት መጡ፤ በባዶ እጁ እንዳላሰናብተው አደራ አሉኝ። አላሰናበትኩትም። ቅቤውን እኔ በላሁለት።

ባሌ ግን አንድ ቀን ኮስተር ብሎ፣ "ይሄ ሰውዬ እኔ በሌለሁ ቀን ብቻ ነው እንዴ የሚመጣው?" አለኝ።

"አንተ ካለህማ ምን ሊሠራ ይመጣል?" አልኩት።

እስካሁን ያለው ያስቃል። አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ።

ደስታ የምትባል ጎረቤት አለችኝ። ባሏ ሲሞትባት መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። ጠዋት ጠዋት አራጅ ስትጠብቅ ምሳው እየዘገየባት ተቸገረች። ሲመርራት ግቢዋ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ወለል አድርጋ ራሷ ማረድ ጀመረች። አንዱ ደንበኛ አየና ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

የዕድራችን ሴቶች ተሰበሰቡ። ሰብሳቢዋ እማማ ማሪቱ ነውር ነው አሉ። ሁላችንም ነውር ነው አልን። ደስታ ከዕድሩ እንድትወጣ፣ የለቅሶ ቤት ምግብ እንዳትነካ፣ ከቤቷም ማንም እንዳይበላ ተወሰነ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ጽሑፌ ያምራል። የማስተምረው ደግሞ ሥነ ዜጋ ነው። የሴቶች እኩልነት ላይ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ እንደዚያ ነው የማስረዳው። ውሳኔውን በሚያምር ጽሑፌ ጽፌ፣ ራሴ ወስጄ ሰጠኋት።

አንብባ አጠፈችውና፣ "ላንቺስ እህቴ፣ ማነው የሚያርድልሽ?" አለችኝ።

"አቶ ቶማ።"

"ታድለሻል" አለችኝ።

ወር ሳይሞላ ምግብ ቤቱ ተዘጋ። እሷም እህቷ ዘንድ ሁምቦ ወረደች። እኔስ? እኔማ ተሳካልኝ። ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆንኩ። ሠርግ ሲኖር ሽማግሌ ሳይቀር ያማክረኛል። ወጓን የምታውቅ ሴት ይሉኛል። ሰው ወጉን ካልጠበቀ አይሳካለትም ሲባል እሰማለሁ፤ ምሳሌ የሚያደርጉት ደግሞ እኔን ነው። እኔ የጠበቅኩት ወጉን አይደለም። በሩን ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደስታ ተመለሰች። ምግብ ቤቷን ልትከፍት፣ ወደ ዕድሩም መልሱኝ ልትል። ካልመለስናት ማን ይበላላታል? ሳምንቱን ሙሉ ለራሴ ማልኩ፤ ስብሰባው ላይ ተነስቼ እኔም አርዳለሁ እላለሁ ብዬ። ቀኑ ደረሰ። ደስታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ተነሳሁ። ሁሉም አየኝ።

"ትመለስ" አልኩ። "ከእንግዲህ... አቶ ቶማ ያርድላታል።"

እማማ ማሪቱ ዐይናቸውን ከኔ ሳይነቅሉ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"የዱቦው ቶማ?" አሉ። "አውቀዋለሁ። ለኔም እሱ ነው የሚያርድልኝ።"

"ለኔም" አለች ከኋላ አንዷ።

"ጨዋ ሰው ነው፣ ወሬ አያበዛም" አለች ሌላዋ።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ቃለ ጉባኤውን እኔ ጻፍኩት።

ስንወጣ ደስታ ክንዴን ያዘችኝ። ነገሩ ገብቷታል። "ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣልኝ?" አለችኝ።

"በማለዳ። በሩን ቀርቅረሽ ጠብቂው።"

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

"ሁለት ዓመት ሙሉ የት ነበር?" አለችኝ።

አቶ ቶማ ቢኖር እሱን እልክላችሁ ነበር፤ ስለሌለ ራሴ ልናዘዝላችሁ መጥቻለሁ። ከእጄ የበላችሁም፣ ያንን ወረቀት ስጽፍ ያያችሁም፣ ይቅር በሉኝ።